በሚካኤል ዕለት የተገጠመው ፍሬን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔን የሚያውቅ ሰው «አፈኛ» ይለኛል። ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊቴም ይሉኛል። በምሠራበት መድኃኒት ቤት ወረፋ የሚያልፍ ሰው ካለ ሰው ሁሉ እያየ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ባለቤቴ ታደለ ስንጋባ «አንቺን ያገባሁት ጠበቃ የምቀጥርበት ስለሌለኝ ነው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ቀጥሎ የማወራችሁ መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩበት አንድ ቀን ነውና፣ ድሮም ዝምተኛ ነበረች ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

መኪናዬ ከትዳሬ በዕድሜ የምትበልጥ ነጭ የቤት መኪና ናት። የጣሪያዋ ቀለም ተልጧል፤ የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። ታደለ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ግን ከሰው ይልቅ ከእሷ ጋር ነበር የምውለው። በዚያ ሰሞን ከበድ እያለችኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ እንኳ ነዳጅ ካልሰጠኋት አትንከባለልም። «እርጅና ነው» ብዬ ተውኩት።

የታደለ አባት ቄስ አላምረው ይባላሉ። ቁይ አካባቢ ባለ አንድ የገጠር ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሰዋል። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውን የዓይን ግፊት ያዘውና ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና የተሰጣቸው ቀጠሮ ሦስት ወር የተጠበቀ ነው። ሐኪሙ ለታደለ «ይህ ቀን እንዳያልፋቸው፤ የቀረው ብርሃን ትንሽ ነው» ብሎታል። ያ ዓይን ከሄደ አማቴ መቀደስ አይችሉም። ለእሳቸው ደግሞ ከቅዳሴ ወዲያ ያለው ኑሮ ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ብቻ ነው።

በዚያ ወቅት በጸጥታው ምክንያት የአዲስ አበባ መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ቀጠሮው ጥቅምት አሥራ ሦስት ጠዋት ነበር፤ መንገዱ የተከፈተው ደግሞ በዋዜማው፣ በሚካኤል ዕለት። እሳቸውን «አባባ» ነው የምላቸው። አባባ መንገዱን ሲጠብቁ ማርቆስ እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር፤ ኪዳን አስደርሰው መጡና ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ፣ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ከጎኔ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ገደማ ተነሣን።

«አባባ፣ ተመችቶዎታል?»

«በጣም ልጄ።»

አባባን ያልተመቸ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ወጡ ጨው ቢያጣ አይናገሩም፤ ውሃ ቢጠማቸው አይጠይቁም። «ምነው ዝም አሉ?» ስትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዝም አይነቅዝም።» እኔ ደግሞ ይህን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

ሉማሜን አልፈን ትንሽ እንደ ሄድን መኪናዋ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። መሪውን ወደ ግራ ይዤ ነዳሁ። ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ በዓል ስለሆነ ማሳው ላይ አንድ ሰው አይታይም። ያ ሁሉ የደረሰ እህል ሰው አልባ ሆኖ ሳየው ደስ አላለኝም። ከዚያ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ላስቲክና የጋለ ብረት ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይከረክራል። አንዲት ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ መግቢያ ላይ ቆሜ ወረድኩ። ከፊት ቀኝ ጎማ ጭስ ይወጣል። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ጠብ ባደርግበት ጮኸና ተነነ።

«አባባ፣ ጎማው ሊቃጠል ነበር እኮ!»

አባባ በተከፈተው መስኮት በኩል አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። «እኔስ ተማርቆስ ስንወጣ ጀምሮ ሸቶኝ ነበር።»

«እና ምነው አልነገሩኝም?»

«ኧረ ምን ብዬ? በሰው መኪና በነጻ ተጭኖ መኪናሽ ይሸታል ይባላል? ነውር አይዶል?»

ተናደድኩ። አማቴ ባይሆኑ ኖሮ ያልኩትን እል ነበር። «የእርስዎ ዝምታ አንድ ቀን ይጨርሰናል» ብቻ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ቀዘቀዘኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ከተማዋ ጭር ብላለች። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ሚካኤል ነውና በዚያ ቀን መዶሻ የሚያነሣ፣ ሚዛን የሚይዝ የለም። መካኒክ ብጠይቅ ወደ አንድ ቤት አመለከቱኝ። ከውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። የሚካኤል ማኅበር ነው፤ የወሩ ተራ ደርሶት የሚደግሰው ደግሞ ራሱ መካኒኩ ውበቱ ነው። ነጠላውን እንዳጣፋ በር ላይ ወጣ።

«ዛሬማ ሚካኤል ነው እህቴ። ብረት አልነካም። ነገ በጠዋት እሠራልሻለሁ።»

«ነገ በጠዋት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት መድረስ አለብን። የአማቴ ዓይን ሊጠፋ ነው።»

ወደ ቤቱ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ተከተለኝ። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በውስጡ አጮለቀ። «ካሊፐሩ ነው» አለ። «ፍሬን ስትይዢ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ብረት። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል። ይይዛል እንጂ አይለቅም። መለወጥ አለበት።»

«እንዲሁ ብሄድስ?»

«በዚህ ዓባይን ልትወርጂ? ጎማው ይነድብሻል።»

አባባ በሩን ዳብሰው ወረዱ። ውበቱ ነጠላውን አመሳቅሎ ቀረበና መስቀላቸውን ተሳለመ። «አባቴ፣ በዓል ነው። ማኅበርተኞቼ ቤት ተቀምጠዋል። ብሠራ ይፈቱኛል?»

«በሬ ገደል ቢገባ በዓል ነው ተብሎ አይተውም» አሉት። «ኃጢአት ተሆነ በእኔ ይሁን። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

እንዲህ ነበር የተጀመረው። ውበቱ መኪናዋን ወደ ቆርቆሮ መጋዘኑ አስገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው፤ ሰው እንዳያየው። ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ይገባል። መዶሻ ላለማሰማት ሲል የዛገውን ቡሎን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመታዋል። ከአጥሩ ወዲያ «ውበቱ የት ገባ?» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጁ ቀጥ ይላል። እኔም አብሬው ትንፋሼን እውጣለሁ። የሆነ ነገር ሰርቀን የምንደብቅ እንጂ ፍሬን የምንሠራ አንመስልም ነበር።

መጋዘኑ ጥግ ላይ ሞተሯ የወጣ፣ የእኔን የመሰለች መኪና ቆማለች። ውበቱ ሥሯ ገብቶ አንድ ካሊፐር ፈትቶ መጣ።

«የቀኙን አምና ሰው ወስዶታል» አለ። «ይኸ የግራው ነው።»

«ለቀኝ ይሆናል?»

«መንታ ናቸው። ይገጥማል።» አገላበጠው፣ ከዚያ ደግሞ «ይገጥማል» አለ። ሁለቴ ማለቱን ልብ ብያለሁ።

እውነትም ገጠመ። ከዚያ ከፍሬኑ መስመር ውስጥ አየር ማስወጣት መጣ። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ እሱ ከሥር ሆኖ አየር ማውጫዋን ትንሽ ቡሎን ይፈታል፣ ያጠብቃል። «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ብዙ ደጋገምን። አባባ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው በለሆሳስ ይጸልያሉ።

«ሆነ?» አለ ውበቱ።

ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው ጠንከር አለ። ትንሽ አረፍ አልኩና አንዴ ረገጥኩት። እንደ ሊጥ ሰመጠ። እንደገና ደጋገምኩት፤ ጠነከረ። አረፍኩ፤ ሰመጠ። አፌን ልከፍት ስል ውበቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ፤ እኔም ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «በስመ አብ! በሚካኤል ቀን ብር? ዕቃውም ሥራውም ለአባታችን ዓይን ነው። ብር አታንሺብኝ።»

ይኸውላችሁ፣ እኔ አፈኛዋ እዚያ ላይ ተዘጋሁ። የከፈልኩበት ሥራ ቢሆን ኖሮ መጋዘኑን በጩኸት እንጠው ነበር። ግን ሰውየው ድግሱን ጥሎ፣ በዓሉን ሽሮ፣ ዕቃውን በነጻ ሰጥቶኛል። በዚህ ሰው ፊት «ሥራህ ልክ አይደለም» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ።

«ሁልጊዜ ራሴ ነድቼ ሳልሞክር መኪና አላስረክብም ነበር» አለ ውበቱ። «ዛሬ ግን ብነዳት ሰው ያየኛል።» ዓይኔን አላየኝም። «ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት» አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የነዳሁት በጆሮዬና በእግሬ ጫማ ነው። ፊት ለፊቴ በግ ቢያቋርጥ፣ ባጃጅ ቢቆም፣ ፔዳሉን ሦስቴ መርገጥ አለብኝ። ሦስተኛው ላይ ይይዛል። ሲይዝ ደግሞ መኪናዋ አሁን ወደ ግራ ትስባለች። ጠዋት ወደ ቀኝ፣ አሁን ወደ ግራ። ለጥ ባለው መንገድ ላይ «ይለመዳል» እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ደጀን ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። የጭነት መኪናዎች በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። አንድ ጋራዥ በሩን ከፍቶ ሁለት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። ፍጥነቴን ቀነስኩ። ልቤ «ግቢ» አለኝ። ከገባሁ ግን መካኒኩ ገና ሲያየው «ይህን የሠራው ማነው?» ይላል፤ አባባ ይሰማሉ። በእሳቸው ፈቃድ በበዓል ቀን የተሠራው ሥራ መበላሸቱን ካወቁ ሚካኤል ፊቱን አዞረብኝ ብለው ነው የሚያዝኑት። ደግሞ መንገዱ ሳይዘጋ ዓባይን መሻገር አለብን። ጋራዡን አለፍኩት። በመስታወት ውስጥ እያነሰ ሲሄድ አይቼዋለሁ።

ከተማውን ልንጨርስ ስንል አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ።»

«አቤት አባባ።»

«እግርሽን እየሰማሁት ነው። ጠዋት ፍሬን አንዴ ነበር የምትረግጪው። አሁን ሦስቴ ነው።»

እኚህ ሰው ጨው የሌለው ወጥ ዝም ብለው የሚበሉ ናቸው። ይህን ለመናገር ምን ያህል ከራሳቸው ጋር እንደ ታገሉ ዛሬ ነው የሚገባኝ። በሩን ከፍተውልኝ ነበር፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አዲስ ዕቃ ስለሆነ እስኪለመድ ነው አባባ። አይስጉ።»

«እንዲያ ተሆነ ደግ» አሉ። መስቀላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

መንገዱ ዘቅዘቅ አለ። ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሽታ አለ፤ የጭነት መኪናዎች ፍሬን ሽታ። አየሩ ሁሉ እሱን ስለሚሸት የራስህ ይሁን የሌላው አትለይም። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ያዩናል። የመጀመሪያው መታጠፊያ በሦስት ርግጫ አለፈ። ሁለተኛው በአምስት። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ፤ እግሬ ሳያቋርጥ ይመታል። ሙቀቱ ከታች እየመጣ ፊቴን ገረፈኝ። ወገቤ ድረስ በላብ ረጠብኩ።

ከፊታችን ጤፍ የጫነ ተሳቢ ይዘግማል። በግራ በኩል ገደሉ ነው፤ ከታች ደግሞ አውቶቡስ ሽቅብ እየመጣ ነው። ፔዳሉን ረገጥኩት። ወለሉን ነካ። ደገምኩት። ባዶ። እግሬ ከብረቱ ጋር ወለሉ ላይ ተጋደመ፣ መኪናዋም ከበፊቱ ፈጥና ሄደች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ ከኋላ ትንሽ ጮኸና ለቀቀ። አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ታገልኩ፤ ጥርሱ ተንገጫግጮ አልገባም አለኝ። የተሳቢው ጀርባ፣ የታሰረበት ሸራና ገመዱ ሁሉ፣ ፊቴ ላይ መጣ።

«አባባ፣ ፍሬን የለንም!»

ቀኑን ሙሉ ሳልል የቀረሁት ቃል የወጣው እዚያ ላይ ነው።

«ወደ ተራራው ልጄ! ወደ ተራራው!»

መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። የፊት ጎማው የውሃ መውረጃ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ የመኪናዋ ጎን ዓለቱን እየፋቀ፣ ብልጭታ እየረጨ ተጎተተ። መስታወቱ ተሰበረ። አባባ «ሚካኤል!» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ቆመች። አቧራው ሲወርድ መጀመሪያ የሰማሁት የዝንጀሮዎቹን ጩኸት ነው። አባባ ግንባራቸው ደምቷል፤ እጃቸው ፊቴን እየዳበሰ «አለሽ? አለሽ?» ይሉኛል። አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

የተሳቢው ሾፌር ሰው አስተባብሮ ወደ ደጀን አስጎተተልን፤ ያለፍኩት ጋራዥ ድረስ። መካኒኩ ጎማውን አውልቆ ለማየት ብዙም አልፈጀበትም።

«ይኸ የግራ ነው፤ ቀኝ ላይ ተገጥሟል። እያት አየር ማውጫዋን፤ ወደ ላይ መሆን ሲገባት ወደ ታች ዞራለች። አየር ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ቀኑን ሙሉ ብትረግጪ ዘይቱ ይወጣል እንጂ አየሩ ከላይ ተደብቆ ይቀራል።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ፔዳሉ አልሰመጠብሽም?»

«ሰምጦ ነበር።»

«ታዲያ?»

አባባ በሚሰሙበት ርቀት ላይ ቆመው ነበር።

የሚያሻግረን ሌላ መኪና ሳናገኝ ያን ቀን ማምሻውን መንገዱ ተዘጋ። የተከፈተው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ አባባን ረጅም ጊዜ መረመራቸው፤ መብራቱን አጠፋና «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለ። አባባ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ታደለ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም፤ እሱ ነው የገደለኝ። አባባ አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ፣ አንድ ጊዜ «ዋሽተሽኝ ነበር» ቢሉኝ እፎይ ባልኩ።

ወራት አለፉ። ወደ ውበቱ ለመሄድ አፈርኩ፤ በነጻ የሠራልኝን ሰው እንዴት ልክሰስ? አንድ ጠዋት ግን የቀረው ነገር ትዝ ብሎኝ ከእንቅልፌ ነቃሁ፤ ይህ ሰው ነገ ለሌላ ሰው ግራውን ለቀኝ ቢገጥምስ? በአውቶቡስ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። የሚቀመጥበት ጠፋው።

«ፔዳሉ መስመጡን በእግርሽ አነሣሥ አውቄ ነበር» አለኝ። «‹ደህና ናት አይደል?› ያልኩሽ እኮ ‹አይደለችም› እንድትዪኝ ነው። በነጻ ሠርቼ፣ አባ ባርከውኝ፣ ‹አበላሽቻለሁ› ብሎ መጀመር አቃተኝ።»

ሁለታችን አንዳችን የሌላውን አፍ ስንጠብቅ ነው አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው የጨለመው።

ከዚያ ስመለስ አባባ እግር ላይ ወደቅሁ። የደጀኑን ጋራዥ ማለፌን፣ መዋሸቴን፣ ሁሉን ተናገርኩ። አባባ ራሴን ዳበሱ።

«እኔም አለሁበት» አሉ። «ሽታው ገና ማርቆስ እያለን ነው የሸተተኝ። ያኔ ብናገር ከተማው ጋራዥ ሞልቶት ነበር። ዕድሜ ልኬን ዝም አይነቅዝም እያልኩ ኖርኩ። ይነቅዛል፤ ነቅዞ አየሁት።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይሉኝታ ጌጣችን ነው፤ ጣሉት አልላችሁም። እኔም ዛሬ ሰው ቤት ስጋበዝ ወጡ ጨው ቢያጣ እውጠዋለሁ። ግን በነጻ የተሰጣችሁ ነገር እግራችሁ ሥር ሲሰምጥ ከተሰማችሁ፣ የሰጣችሁን ሰው ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት። ቢከፋው አንድ ቀን ይከፋዋል። ማፈሩም የማያልቅ መስሎ ይታያል እንጂ ያልቃል። አለመናገሩ ግን አያልቅም፤ እኔ ዛሬም እዚያ መታጠፊያ ላይ ነኝ።

መኪናዋ ተጠግናለች፤ የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ። ውበቱ ራሱ ትክክለኛውን ዕቃ ፈልጎ አመጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን አስከፈለኝ፤ እኔም ተከራክሬ ከፈልኩት። ባለፈው እሑድ አባባን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳቸው መጣሁ። አሁን አይቀድሱም፤ ዓምዱን ተደግፈው ያስቀድሳሉ። እጃቸውን ይዤ መኪናዋ ውስጥ አስገባኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሞተሩን አስነሣሁ። ገና ከደጃፉ ሳንወጣ አባባ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል።»

«ቤንዚን ነው አባባ። አሁን ቀድቼ መምጣቴ ነው።»

«እህ» አሉና ወደ ወንበሩ ተደገፉ። «ልንገርሽ ብዬ ነው።»